የቀረ መንገደኛ

ስልኩ ሲጮህ ሰላሃዲን ክር በጥርሱ ይዞ የዓረብ መጅሊስ መከዳ እየሰፋ ነበር። ጌጃ ሰፈር ያለው ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ስልኩን ለማንሳት ፍራሽ ላይ መረማመድ ነበረበት።

«የሳዲያ ባለቤት ነዎት?» አለች አንዲት ሴት።

«አዎ፤ ማን ልበል?»

«ዓርብ ዱባይ የምትሄደው ብቻዋን አይደለም። ትኬት ቢሮ ሄደው ይጠይቁ።»

ከጀርባዋ ደወል ነገር ጢን አለ። ስልኩ ተዘጋ።

ሳዲያ የልጆች ልብስ ትነግዳለች። ዱባይ መመላለሷ አዲስ አይደለም፤ ለባንክም ለትኬትም የምታስመዘግበው ቁጥር ራሱ የባሏ ሱቅ ስልክ ነው። አዲስ የሆነው ሌላ ነው። ከረመዳን ወዲህ ሽቶ ቀይራለች። ስልክ ሲደወልላት በረንዳ ትወጣለች። ሰላሃዲን ይህን ሁሉ ሲያይ ከርሞ ነገሬ አላለውም ነበር፤ አሁን ግን መርፌው ጣቱን ሲወጋው እንኳ አልተሰማውም።

ወዲያው በዓይኑ የመጣበት ኑሪ ነው። ኑሪ ከሳዲያ ሱቅ አጠገብ ጫማ ይሸጣል። እሱም ዱባይ ይመላለሳል። ጥርሱ ነጭ ነው፤ ሳዲያን ያስቃታል። የደወለችው የኑሪ ሚስት እንደሆነችም አልተጠራጠረም። ምስኪን፣ አለ በልቡ፤ እሷም እንደኔ እየነደደች ነው።

በማግስቱ ሜክሲኮ ወዳለው የትኬት ቢሮ ሄደ። ቁጥር ወስዶ ተቀመጠ። ጢን ብሎ ተራው ደረሰ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ደረቷ ላይ «ሪሀና» የሚል ስም ለጥፋለች። በስልክ እያወራች በእጇ እንዲቀመጥ ጠቆመችው።

«እሺ ሙኒሬ፣ ሹራቡን ሻንጣህ ውስጥ ከትቼልሃለሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀው የለ?» ስልኩን ዘጋችና ፈገግ አለች። «መስክ በወጣ ቁጥር ሻንጣ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባል እኮ እንደ ልጅ ነው። ምን ልርዳዎት?»

«የባለቤቴን ትኬት ላሰርዝ ነበር። ሳዲያ...»

የአባቷን ስም ተናግሮ ሳይጨርስ ስክሪኑ ተከፍቶ ነበር።

«የተቆረጠው ፒያሳ ካለ ወኪል ነው» አለች። «ግን ከየትም ይቆረጥ እኛ ጋ ይታያል። መሰረዝ የምትችለው ራሷ ናት፤ ወይም የከፈለው ሰው። እርስዎ አይችሉም። እኔም ብነካው ከሥራ እባረራለሁ።»

ሰላሃዲን ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «የከፈለው ሰው? ራሷ አይደለችም እንዴ?»

«ሁለት ትኬት ባንድ ላይ ነው የተቆረጠው። ከዚህ በላይ መናገር አይፈቀድልኝም።»

«ጫማ ነጋዴ ነው?»

«ሥራ አንመዘግብም፣ ወንድሜ።»

ሰላሃዲን ተነሳ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። «ዛሬውኑ ፊት ለፊት ነው የማፈርጠው!»

ሪሀና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዛሬ ከነገሯት እነሱ ይሰርዙታል። በረራው ሳይነሳ የተሰረዘ ትኬት ትንሽ ቅጣት ተቀንሶ ገንዘቡ ለከፈለው ሰው ይመለሳል። ወይ ደግሞ ቀን ያስቀይራሉ። ሳይሰርዝ የቀረ መንገደኛ ግን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ቢያለቅስም የሚመለስለት ነገር የለም። የዚህ ትኬት ደንብ ይሄ ነው።»

«ለሁለቱም?»

«ለቀረ ሁሉ።»

ሰላሃዲን ደግ ልጅ ናት እያለ አመስግኗት ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ሳዲያ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለውን ቤታቸውን ገለባበጠችው። ፓስፖርቷ የለም። መሳቢያ፣ ቁም ሳጥን፣ ጫማ ውስጥ ሳይቀር ፈተሸች። ሰላሃዲንም አብሯት ፈለገ።

«አላህ ያላለው መንገድ አይሄድም» አላት።

«አላህ ፓስፖርት አይሰርቅም! ደግሞ የስልኬ ባትሪ የት ገባ?»

«የኔን ስልክ ልስጥሽ?» ብሎ ዘረጋላት። «ልትደውይለት የፈለግሽው ሰው ካለ።»

ሳዲያ ስልኩን አየችው። አልተቀበለችውም። ደክሟት ባሏ ትናንት ሰፍቶ ያመጣው አዲስ መከዳ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ፓስፖርቱም ባትሪውም ከሥሯ፣ ጥጡ መሃል ነበሩ። ሰላሃዲን ስፌቱን በዓይኑ ተከተለው። እንዲህ ያማረ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም።

አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሰላሃዲን ሲከፍት ኑሪ አንድ እግር ጫማ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ሰላሃ፣ ሳዲያ ደርሳ ስትደውልልህ፣ የዚህን ዓይነት እንድትፈልግልኝ ንገርልኝ።»

«አንተ አልሄድክም?»

«የት ነው የምሄደው?» ኑሪ በሰላሃዲን ትከሻ አሻግሮ ሳዲያን አያት። «ውይ፣ እሷም አልሄደችም እንዴ? ምነው፣ ታመመች?»

ሰላሃዲን ወደ ሚስቱ ዞረ። ሳዲያ እሱን አላየችውም፤ ዓይኗ በመስኮቱ ወደ ማዶው ብሎክ ነበር።

ማዶው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሪሀና ማታ ከሥራ ስትገባ ባሏን ሙኒርን ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። ሹራቡ ግን ጠዋት እንዳየችው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል።

«መስኩ ቀረ እንዴ?» አለችው።

«ቀረ።» አንገቱን እንደ ደፋ ነው። «አብሮኝ የሚሄደው ሰው ሳይመጣ... ደጅ ቆሜ ስጠብቅ ሰዓቱ አለፈ።»

ሪሀና ጫማዋን አወለቀች። የስም ባጇን ከደረቷ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ትኬትህንስ» አለች፣ «በሩ ሳይዘጋ ሰረዝከው?»