የቃሪያ መላጫው ቪዲዮ

ጣቱ ስልኩ ላይ "አጥፋ" የምትለው ቃል ጋ ደርሶ ቆመ...

ኦግኒያን ከወንበሩ ተነሳ። ተቀመጠ። እንደገና ተነሳ።

የመስኮቱን እጀታ ብሎን ለሦስተኛ ጊዜ አጠበቀ... ብሎኑ ግን አልላላም ነበር።

አስራ ሰባት ዓመት በቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ የፋብሪካ ማሽን ሲነድፍ የኖረ መሐንዲስ ነው። በአርባ ሁለት ዓመቱ ሥራውን ለቆ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ሕግ ተለማማጅ ሆነ።

የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ሁለቴ ወደቀ። አለቃው ትናንት ቁርጡን ነግራዋለች...

"ይሄ ማመልከቻ ከተበላሸ፣ ወደ ብሎንህ ተመለስ!"

የማመልከቻው ባለቤት ደግሞ የድሮ ፎርማኑ ጋሽ ዤልዮ ናቸው። ፋብሪካውን ሲለቅ "ወረቀት በላ ልትሆን ነው?" ብለው የሳቁበት ሰውዬ!

የተጠበሰ ቃሪያ የሚልጥ ማሽን ሠርተዋል። ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ የታየ ነገር ፓተንት አያገኝምና "ማን አይቶታል?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

"ማንም!" ብለው ማሉ።

ዛሬ ጠዋት ግን ፌስቡክ ትዝታ አመጣለት... ጭራሽ የረሳው የዛሬ ሁለት ዓመት ቪዲዮ፣ ከፋብሪካው የተሰናበተበት ድግስ፣ የጋሽ ዤልዮ ግቢ፣ የራኪያ አረቄው ተቀድቶ፣ ማሽኑ እየዞረ...

ከላይ የራሱ ጽሑፍ፦ "የፎርማኔን እጅ እዩልኝ!"

አርባ አንድ ላይክ።

ለዓለም ያሳየው ራሱ ነው! ግን ቢያጠፋው ማን ያውቃል?

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዤልዮ ለፊርማ መጡ።

"ምን ያቁነጠንጥሃል? ሱሪህ ውስጥ ጉንዳን ገባ እንዴ?"

ስልኩን አቀበላቸው።

"ጋሽ ዤልዮ... አበላሽቼብዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ሽማግሌው አዩና በሳቅ ፈነዱ።

"ይሄንን? ይሄ እኮ በሽቦ ብሩሹ ቃሪያውን እየቦጫጨቀ ባለቤቴን ያስለቀሰው ነው! ከዚያ በኋላ አይደል ብሩሹን አውጥቼ የሚንከባለል የጎማ ሮለር ያስገባሁት!"

"ሮለር? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ? 'ማሽኑን አውቀዋለሁ' ብለህ አፌን ዘጋኸኝ!"

"ሮለሩንስ ማን አይቷል?"

"ባለቤቴ ብቻ። እሷ ደግሞ እንኳን ማሽኑን፣ እኔንም አታየኝ!"

ኦግኒያን በብሩሹ ማሽን ላይ የጻፈውን ማመልከቻ ቀደደው። እጅጌውን ሰበሰበና ስለ ሮለሩ ብቻ እንደ አዲስ ጻፈ... ያን ቀን እግሩ መወዝወዙን አቆመ።

ፓተንቱ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ተፎካካሪ "ይሰረዝልኝ!" ብሎ ተነሳ። ይዞት የመጣው ማስረጃ ምን ይመስላችኋል?

ያው ቪዲዮ!

ላይክ ካደረጉት አርባ አንድ ሰዎች አንዱ ያኔ አውርዶ አስቀምጦት ኖሯል።

ኦግኒያን ያን ጠዋት አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ፣ የሚያስገባው የፊተኛውን ማመልከቻ ነበር፤ እሱም በዚህ ቪዲዮ ድምጥማጡ ይጠፋ ነበር። ቪዲዮው ላይ ግን ያለው ብሩሽ ነው... ሮለር የለም። ፓተንቱ ጸና።

ስህተታችንን ስንደብቅ መፍትሔውንም አብረን እንደብቀዋለን ወዳጆቼ...

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... ጣታችሁ "አጥፋ" ላይ ቢሆን ኖሮ ትጫኑት ነበር? 👇