ባንቴ ያጠበው ብረት

የጅቡቲ ንፋስ እንኳን ብረት የሾፌር ጥርስ ያዝጋል። ቀለም ሳይቀባ ያደረ ብረት ጠዋት በርበሬ መስሎ ይገኛል። ለአገሩ እንግዳ የሆነው አለምሰገድ ግን የነባሩን ሾፌር የባንቴን መኪና ዝገት ለባለንብረቱ አሳብቆ መኪናውን ወሰደበት፤ አሁን ቁልፉን ሊረከብ ከፊቱ ቆሟል። ባለንብረቱ ነገ ማለዳ መኪናውን ሊያይ ይመጣል።

«ጋሽ ባንቴ፣ የተሳቢው መጎተቻ ካልጠራ አልረከብም» አለ፣ ጫቱን በጉንጩ ወጥሮ።

ባንቴ ተራራ የሚፍቅ ይመስል በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው። ብረቱ እንደ መስተዋት ሲያበራ አለምሰገድ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን አየበት።

«ቀለምስ?»

«ቀለም ነውር ያለበት ይቀባ። አንተ ለባለንብረቱ ንጹሑን አሳየው።»

«አሁን ገና ሾፌር መሰሉ።»

ባንቴ ቁልፉን ሰጠውና ብረቱን በባልዲ ውሃ አለቀለቀለት። ውሃውን የቀዳው ከባሕሩ ነበር።