ያልተመታችው ኳስ

ኢቫኖ ቀኑን ሙሉ ጡብ ሲደረድሩ የዋሉ እጆቹን በጓንቱ ውስጥ እያፍታታ ግቡ መሃል ቆመ። ሳን ማሪኖ ውስጥ ኳስ እንጀራ አይሆንም፤ ሁሉም የሚጫወተው ከየሥራው ወጥቶ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ዜሮ ለዜሮ ሊለያዩ ሲሉ ዳኛው ለተጋጣሚው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ኳሷን ያስቀመጠው የኢቫኖ ታናሽ ወንድም ማንሊዮ ነበር። አባታቸው ከተቀበሩ ወዲህ በውርስ ቤት የተነሳ ተኳርፈው አይነጋገሩም፤ አገሪቱ ግን ጠባብ ናትና ሊጉ በየዓመቱ ፊት ለፊት ያቆማቸዋል።

ማንሊዮ ወደ ቀኝ መታ። ኢቫኖ ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ መለሳት፤ ትከሻው ግን ከግቡ ብረት ጋር ተላተመና መሬት ላይ ተዘረረ። ኳሷ ተመልሳ ማንሊዮ እግር ሥር ቆመች። ግቡ ባዶ ነበር።

«ምታ እንጂ! ምን ይገትርሃል?» ብለው የቡድን ጓደኞቹ ጮኹበት።

ማንሊዮ ግን ኳሷን አልፎ ሮጠና ወንድሙ አጠገብ ተንበረከከ። «ትከሻህ ነው? ያ ልጅ ሆነን የወለቀው?»

«አንተ ጅል፣ ግቡ ባዶ እኮ ነው!» አለ ኢቫኖ እያቃሰተ።

«አይቻለሁ። ዝም ብለህ ተኛ።»

አንድ ተከላካይ ደርሶ ኳሷን ከሜዳ ጠለዛት። ሰው ሁሉ ማንሊዮን ይሰድባል። ኢቫኖ እንደዚያን ቀን ደክሞት አያውቅም ነበር፤ ራሱን በወንድሙ ጭን ላይ ጣል አደረገና ዓይኑን ጨፈነ።