እሳት ያጣች መኪና

ማለዳው ደመናማ ነበር። አሮጌዋ መኪና ከግቢው በር አጠገብ ቆማለች። ማስነሻው ሞተሪኖ ሞተሯን ያሽከረክራል፤ እሷ ግን አትነሳም።

«ማነው?» አሉ ጡረተኛው ሾፌር፣ ወጣቱ መካኒክ ፊት ለፊታቸው ሲቆም።

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ መካኒኩ።»

«አሃ፣ አንተ ነህ! ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ እኮ። ስማ፣ ነገ የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ይቺ መኪና ዛሬ መነሳት አለባት።»

በቀኝ ፓራፋንጎዋ፣ ከጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ፣ የግቢው በር አረንጓዴ ቀለም ተፍቆ ተለጥፎ ነበር። መካኒኩ ለዚያ አልተጠራምና አለፈው።

ራሱን ቶሎ የሚያምን ሰው ስላልሆነ ከባትሪው ጀመረ። ደህና ነው። ነዳጁን በእሳት ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዱን ፈትቶ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካና «ያስነሱልኝ» አለ። ሽማግሌው ቁልፉን ለማስገባት ታገሉ።

«ቀዳዳውም እንደኔው አርጅቷል» አሉ።

ካንዴላው ላይ እሳት የለም። ደገመው፤ የለም። እሳቱን ከሚያመነጨው ኮይል የሚወጣውን ወፍራም ሽቦ ሲሞክር ግን ሰማያዊ እሳት ጣ! አለ።

«እሳቱ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው» አለና የማከፋፈያውን ክዳን በጣቱ ከፈተ። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የምታዳርሰው ትንሿ ሮተር የለችም። ክዳኑ ግን በጨርቅ ተወልውሏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ብልሽት አይደለም። ሮተሯን ሰው ነው የነቀላት።»

የሚስታቸው ወንድም ከጓሮ ክፍሉ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። መኪናዋን ሽጡልኝ ማለት ከጀመረ ከርሟል።

«አልነሳ አለች? ለኔ ስጡኝና ተገላገሉ አላልኩም?»

«ይኸው ሌባው! እጁን እየው እስቲ አንተ ልጅ!» አሉ ሽማግሌው።

መካኒኩ አየ። ጥቁር ቅባት ነበረበት።

«ብስክሌቴን እየጠገንኩ ነው» አለ ሰውየው።

«እሱ አይደለም» አሉ ሚስትየው ሻይ ይዘው እየመጡ። «ወንድሜን አውቀዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ! ይሄን ሁሉ ዘመን መኪና ስጠግን የእጅ ባትሪ ይዘሽልኝ፣ ዛሬም ካንዴላን ከማንኪያ አትለይም።»

ሚስትየው ብርጭቆውን እጃቸው ውስጥ አስያዟቸው።

መካኒኩ ከዕቃ ሳጥኑ ሮተር ፈልጎ አገኘ፤ ገጠመ፤ ክዳኑን መለሰ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች።

«አልኩህ!» ሽማግሌው መሪውን ይዘው እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ወደ ግድግዳው አቅጣጫ ጮኹ፤ «ከእንግዲህ እዚች መኪና አጠገብ ድርሽ እንዳትል!»

ሰውየው ግን ክፍሉ ከገባ ቆይቷል፤ ግድግዳው ጋ ማንም የለም።

ሚስትየው መካኒኩን እስከ በሩ ሸኙት። ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቺን ያዛት» አሉና በጨርቅ የተጠቀለለችውን ሮተር እጁ ላይ አኖሩ፤ «አሁን ደግሞ ልጅቷ የግቢውን በር እንኳ ከማያይ ሰው ጋር ሳትሳፈር፣ አንተም ምትኩን ቶሎ የማታገኘው ምን ልንቀልበት?»