ክፍት የተተወው ሳህን

ርዕሰ መምህሩ የሳይንስ ክፍለ ጊዜውን ሊታዘብ ገብቶ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተሸጎጠ። ፊት ከተቀመጠችው ከእትዬ አልጋነሽ ልጅ ጋር ዓይን ለዓይን መገጣጠም አልፈለገም።

እናቷ የቤተ ሙከራው ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ከክረምት ዕረፍት መልስ፣ ክፍት ሳህን ላይ የተተወው ናፍታሊን፣ ያ ልብስን ብል እንዳይበላው የሚደረገው ነጭ ድቡልቡል ነገር፣ ጠፍቶ ተገኘ። ቁልፉ ደግሞ እሳቸው እጅ ብቻ ነበር።

“ማርያምን! እጄን አላሳረፍኩበትም” ብለው ማሉ።

“ታዲያ አየር ሆኖ ነው የሄደው?” ብሎ ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን አሳቀባቸውና በዚያው ከሥራ አሰናበታቸው።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ከግቢው ሲወጡ ያየው ግን እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልጠፋ ብሎታል። “ሌላ ማን ይወስደዋል?” እያለ ኅሊናውን ሊያስተኛ ይሞክራል።

አዲሱ መምህር ሰሌዳው ላይ “በረዶ፣ ውሃ፣ እንፋሎት” ብሎ ጻፈና ዞረ።

“አንዳንዱ ጠጣር ግን ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። ናፍታሊንን ክፍት ትታችሁት ብትከርሙ፣ ስትመለሱ የምታገኙት ባዶ ሳህን ነው።”

ልጅቷ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ አየር ሆኖ ይሄዳል ማለት ነው?”

የጠየቀችው መምህሩን ነበር፤ ዞራ የምታየው ግን የመጨረሻውን ዴስክ ነው።