የምሳ እንግዳ

ብቻውን የሚበላ ወንድ ይታመማል ተብሎ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ወረዳው በየቀኑ አንድ ላጤ ለምሳ ይልካል፤ ባሏን ፈታ ብቻዋን ወደምትኖረው ስንዱ ቤት። የዛሬው አቶ መንበሩ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያስረው፣ ብቸኝነትን የሚለካው አምባር እጃቸው ላይ ቀልቷል፤ ሰው ካላጎረሳቸው አረንጓዴ አይሆንም።

ስንዱ በልቧ «ምን ዓይነት ጣጣ ነው!» እያለች አጎረሰቻቸው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ የኔ እመቤት!» ብለው አፋቸውን ደግመው ከፈቱ።

አምባራቸው አረንጓዴ ሲሆን፣ አንዴም ሳያጎርሷት «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

የራሷ አምባር ግን እንደቀላ ነው። ወረዳ ደወለች።

«በየቀኑ ሰው አብሮዎት እየበላ ምን ብቸኝነት አለ? አምባሩ ተበላሽቶ ነው፤ እንቀይርልዎታለን» አላት ሠራተኛው።

«አምባሩን ተወው!» አለች ስንዱ። «ነገ ግን የሚያጎርስ እጅ ያለው ሰው ላኩልኝ።»