ሲባጎ ያዧ

«ቀስ፣ አትቸኩዪ። ጥላሽንም ውኃው ላይ አትጣዪው፤ ሸርጣኑ ካየሽ ለቆ ይሄዳል» አሉ ኤልውድ፣ በተደፋ ባልዲ ላይ እንደተቀመጡ። ይህን የሚሉት ለልጃቸው ለሎሬታ አልነበረም። ለሎሬታ ጓደኛ ለጃኒን ነበር፤ ምክንያቱም መረቡን የያዘችው ጃኒን ናት።

ሎሬታ ሲባጎውን ይዛለች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የያዘችው ሲባጎ ነው። ጫፉ ላይ የዶሮ አንገት ይታሰርና ከጀልባ መቆሚያው ሳንቃ ላይ ወደ ታች ይለቀቃል። ሸርጣኑ አንገቱን ነክሶ መጎተት ሲጀምር እሷ ወደ ላይ ታመጣዋለች፤ አባቷ ደግሞ ረጅም እጀታ ባለው መረብ ከሥር ገብተው ይዝቁታል። ጎረቤቱ ሁሉ «ኤልውድ ዛሬም ቀናው» ይላል። ሲባጎ ያዧን ማንም አንስቷት አያውቅም።

ዘንድሮ ግን ትከሻቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ሐኪሙ ከማንኪያ የከበደ ነገር እንዳያነሱ ከልክሏቸዋል። ሎሬታ ይህን ስትሰማ ለአባቷ አዘነች። ከሐዘኗ ሥር ግን ደስ ያላት ነገር ነበር፤ መረቡ በመጨረሻ ወደ እሷ ሊመጣ ነው።

ከባልቲሞር የሥራ ባልደረባዋን ጃኒንን ይዛ መጣች። ጃኒን በሕይወቷ ሸርጣን ከነነፍሱ አይታ አታውቅም፤ ነጭ ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው። ኤልውድ በደህናው እጃቸው መረቡን ከምስማሩ ላይ አወረዱና ለአፍታ እንኳ ሳያስቡ ለእንግዳዋ ሰጧት። ሎሬታ እጇን ዘርግታ ነበር። የተዘረጋውን እጅ ፀጉሯን ለማስተካከል አዋለችው።

«ወደ መሀል ብንጥለው አይሻልም?» አለች ጃኒን።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አትሂጂ» አሉ ኤልውድ። «ሸርጣኑ ያለው እዚሁ ከእንጨቱ ሥር ነው።»

ሲባጎው ተወጠረ። ሎሬታ ሳበች። ጃኒን ትንፋሿን ይዛ መረቡን ከሥር ሰደደችና ብድግ አደረገችው፤ ሰማያዊ መቆንጠጫ ያለው ወንድ ሸርጣን ውስጡ ተንፈራገጠ።

«እጅ ማለት ይሄ ነው!» አሉ ኤልውድ። «ሎሬታ፣ ይቺን ከየት አገኘሻት? ተወልዳበታለች እኮ።»

«ያሉኝን ነው ያደረግሁት፣ ሚስተር ኤልውድ» ጃኒን ሳቀች። «በቃ፣ ልጅ አድርገው ያስቀሩኝ።»

«ክፍሉ እንደሆነ ባዶ ነው። የክፍሉ ባለቤት በዓል ካልሆነ አትመጣም።»

«ባለፈው ወር መጥቻለሁ፣ አባዬ» አለች ሎሬታ።

ቀልድ ነበር። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው። ቅናት ነው፣ ስሙን ማሳመር አያስፈልግም። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ታናሽ እንደተወለደባት ሕፃን ሆዷ ባባ። ጃኒን ምንም አላጠፋችም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድዳል። አባቷ ለእሷ «እጅ» ብለው አያውቁም። «ሳቢ» እና «ልቀቂ» ብቻ ነው፤ ለበቅሎም ከዚህ የተሻለ ይባላል።

ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጃኒን አወጣች። ኤልውድ በየመሀሉ ጭናቸውን መታ እያደረጉ፣ ምሽት ላይ ድስቱ ሲጣድ ትልቁ የማን እንደሚሆን ይነግሯታል።

ከዚያ ሲባጎው እንደገና ተወጠረ፤ በዚህኛው ላይ ክብደቱ ሌላ ነበር። ሎሬታ ገና ሳታየው በጣቷ ለየችው። የዓመቱ አውራ ነው። ጃኒን ከያዘችው አባቷ እስከ ገና ሲያወሩላት ይከርማሉ።

አረንጓዴ ጀርባው ከድፍርሱ ውኃ ብቅ አለ። ጃኒን ጎንበስ አለች። ሎሬታ ሲባጎውን መንጨቅ አደረገችው።

ከእጅ አንጓ ያላለፈ እንቅስቃሴ ነበር። ሸርጣኑ የዶሮ አንገቱን ለቀቀና ወደ ጎን ተንሸራቶ ጠፋ። መረቡ ባዶ ውኃ ዛቀ።

«ወይኔ፣ ጥላዬን ጣልኩበት» አለች ጃኒን።

«አይ፣ አንዳንዴ ይለቃል» አሉ ኤልውድ። «ሸርጣንም ይጠግባል።» ዓይናቸው ግን ያረፈው ሎሬታ እጅ ላይ ነበር።

ጃኒን አልተጽናናችም። «እንዲያውም እንቀያየር። መረቡን ሎሬታ ትያዘው፣ እኔ ሲባጎውን ልያዝ።»

ሎሬታ ቀና አለች። ጃኒን መረቡን ልታቀብላት ዞራለች።

«አይሆንም» አሉ ኤልውድ። «መረብማ ማንም ይይዘዋል። እኔ ራሴ መረብ የያዝኩት ሲባጎ አልሆንልህ ቢለኝ ነው፤ እኔ ስስብ ግማሹ እየለቀቀ ይሄድ ነበር። እናቷ ስትስቅብኝ ነው የኖረችው። ይቺ ግን ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ስትስብ አንድም ለቆባት አያውቅም።»

ዓይናቸውን ወደ ሎሬታ ሲባጎ መለሱ።

«እስከ ዛሬ» ብለው ጨመሩ።

ሎሬታ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ደረሰላት፤ ቀና ብላ የምትቀበልበት ዓይን አጣች። ጃኒን «እንዲህ መሆንሽን ነግረሽኝ አታውቂም!» ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ደስታዋ ከልቧ ነበር።

ኤልውድ ከአጠገባቸው ካለው ጣሳ አዲስ የዶሮ አንገት አውጥተው በደህናው እጃቸው ለልጃቸው ዘረጉላት።

«እሰሪ» አሉ።

አሰረች። ለቀቀችው። ጃኒን መረቡን አዘቅዝቃ፣ ነጭ ጫማዋን ከሳንቃው ጠርዝ መለስ አድርጋ፣ ጥላዋን ከውኃው ላይ ሰብስባ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ ሲባጎው በሎሬታ ጣቶች መካከል ተወጠረ፤ እሷም በጣም ቀስ ብላ መሳብ ጀመረች።